ሽቦ ለበሰ ማለት እሳት ቻለ ማለት አይደለም

አውሮፕላን በራሱ እጅ የሚሠራ ሰው የሞተር ክፍሉን ከፍቶ ሲያሳየኝ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው የነዳጅ መስመሩ ላይ ነው። መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «አይዞህ፣ ሽቦ የለበሰ ቱቦ ነው፤ እሳት አይነካውም።» ይሄን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሽቦው የተጠለፈው ቱቦው ግፊትንና መፈተግን እንዲችል ነው። ሙቀት አያግድም። ነዳጁን የያዘው ውስጥ ያለው ጎማ ወይም ቴፍሎን ነው። ቴፍሎን እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሠራል፤ ተራ ጎማ ከዚያ በጣም ቀድሞ እጁን ይሰጣል። የአውሮፕላን ቱቦ በእሳት የሚፈተነው ግን 1,093 ዲግሪ በሚደርስ ነበልባል ነው። እሳት ተቋቋሚ ለመባል 5 ደቂቃ፣ እሳት የማይበግረው ለመባል 15 ደቂቃ መቆም አለበት። ጊዜ የሚገዛላችሁ ከላይ የሚለብሰው፣ ሲሊኮን የተቀባው የፋይበርግላስ እጅጌ ነው። ጫፎቹን ደግሞ በደንብ አሽጉ። ክፍት ከቀሩ የፈሰሰውን ዘይትና ነዳጅ እንደ ኩራዝ ክር ይመጡታል።

ሽቦው ሌላም ጣጣ አለው፤ በሽታ ይደብቃል። የአንድ ወዳጄ ሞተር ጉልበት ሲሰጡት ያስነጥሰው ነበር። ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ ፈታ፣ ምንም አላገኘም። ፊልትሮውን ስንከፍት ጥቁር ፍርፋሪ አገኘን። የመኪና ቱቦ ነው የገጠመው፤ ከላይ እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። ቆርጠን በቁመቱ ስንሰነጥቀው የውስጡ ጎማ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ሽቦው ባይኖር ኖሮ ይሄን ቀድሞ ባየው ነበር።

ስለ ነዳጅ ቧንቧው ደግሞ ሌላም ሌላም ይሉኛል። «መዳብ ለማጠፍ ይመቻል።» ይመቻል፤ ግን ሲንቀጠቀጥ እየደረቀ ሄዶ ይሰነጠቃል።

«አሉሚኒየም ቀላል ነው።» አብራሪው ለሚቀመጥበት ክፍል ጥሩ ነው። ያንን ክፍል ከሞተሩ ከሚለየው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ወዲያ፣ ሞተሩ ጋ፣ ግን 660 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል።

«እንግዲያው ሁሉንም በማይዝግ ብረት ላድርገው።» ከግድግዳው ወደ ሞተሩ የሚሻገረውን አይሆንም! ሞተር ይወዛወዛል፤ ግትር ቧንቧ እዚያ ላይ ይሰበራል። መሻገሪያው ተጣጣፊ ይሁን።

«መገጣጠሚያውን ቴፕ ብጠቀልልበት አይፈስም።» የአውሮፕላኑ መገጣጠሚያ በ37 ዲግሪ ማዕዘን እንደ ጡሩምባ የተከፈተ አፍ ነው፤ የሚያሽገው ብረት በብረት ላይ ተጭኖ ነው። የቴፕ ብጣሽ ግን መስመሩን ይዘጋል። የመኪናው አፍ ብዙውን ጊዜ 45 ዲግሪ ስለሆነ ሁለቱን አታደባልቁ።

ቱቦውን ከጭስ ማውጫው አርቁት፤ በተለይ ከፓምፑ በፊት ያለውን። እዚያ ነዳጁ እየተሳበ ስለሆነ ትንሽ ሲሞቅ ይተንና ሞተሩን ያስርበዋል። የቆየ የቴፍሎን ቱቦ ስትፈቱ የያዘውን ቅርጽ ለማቅናት አትታገሉ፤ ውስጡ ይታጠፋል። ጎማ ከሆነ ደግሞ የገጠማችሁበትን ቀን ጻፉበትና 5 ዓመት ሲሞላው ቀይሩት፣ ቢያብለጨልጭም።