ሲሠሩ ያለቁ ቫኖች፦ ጥንታዊ የዕቃ ማመላለሻዎችን ፈልጎ ማግኘትና ማደስ

ጥንታዊ መኪና ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ጣሪያው የሚከፈት፣ ኒኬሉ የሚያብረቀርቅ የቤት መኪና ነው። ዳቦ፣ ወተትና ፖስታ ሲያዳርሱ የኖሩት ቫኖች ትዝ የሚሉት ለጥቂቱ ነው። እነዚህን ቫኖች ከወደቁበት ፈልጎ አውጥቶ ወደ መንገድ መመለስ ግን ዛሬ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። የራሱ ሰብሳቢ፣ የራሱ መካኒክ፣ የራሱ መለዋወጫ ነጋዴ አለው። በ1966 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን (ፊቫ) አንድን መኪና ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት ሲሞላው፣ የቀድሞ ይዞታው ሲጠበቅና የዕለት መጓጓዣ መሆኑ ሲቀር ነው። ዓመታቱ እዚህ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቫኖችን ነገር ለየት የሚያደርገው ብርቅ የሆኑበት መንገድ ነው። ስፖርት መኪና ከመጀመሪያው ጥቂት ስለተሠራ ብርቅ ይሆናል። ቫን ግን በመቶ ሺዎች ተመርቶም ብርቅ ይሆናል፤ ሲሠራ አለቀ። የመጀመሪያ ባለቤቱ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ሲበቃው ለትንሽ ነጋዴ ይሸጠዋል፤ ነጋዴውም ከአቅሙ በላይ ይጭነዋል፣ የተላጠውን በብሩሽ ይለቀልቀዋል። መጨረሻው ቁራጭ ብረት ነው። ለልጄ ላቆየው ብሎ የዳቦ ቫን ሸራ የሚያለብስ ማን አለ? ከዚህ ካመለጡት ብዙዎቹ ደግሞ ጎናቸው ተቆርጦ መስኮት ገባላቸውና የሽርሽር መኪና ሆኑ። ለዚህ ነው ጎኑ ያልተበሳ ቫን ሲገኝ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት።

ስሙ ከሁሉ የገነነው የቮልስዋገን ታይፕ 2 ነው። ሐሳቡ የመጣው ቤን ፖን ከሚባል የሆላንድ መኪና አስመጪ ሲሆን፣ በ1947 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ንድፉን ጫር ጫር አድርጎ ነበር። ምርቱ በመጋቢት 1950 ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሞተራቸው 1131 ሲሲ፣ ጉልበታቸው 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። እስከ 1955 መጀመሪያ የተሠሩት የኋላ የሞተር ክዳናቸው እጅግ ትልቅ ነው፤ በዚያ ክዳን የተነሳ አዋቂዎች ከሩቅ ይለዩአቸዋል።

ለእኔ ግን የዕቃ ቫን ማለት የፈረንሳዩ ሲትሮኤን ኤች ነው። በ1947 ለሕዝብ ታየ፤ እስከ 1981 ተመረተ። የሚጎተተው በፊት ጎማ ስለሆነ ከወለሉ ሥር ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ የለውም፤ ወለሉ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ሰው ውስጡ ቆሞ ይሠራል። ቆርቆሮ የሚመስለው የተሸነሸነ ላሜራ ደግሞ ለጌጥ አይደለም፤ ስስ ብረት እንዲህ ሲታጠፍ ሳይከብድ ይጠነክራል። በዘመኑ የጀርመኑ ዩንከርስ አውሮፕላኖችም አካላቸው እንዲሁ ነበር።

በአሜሪካ ዲቭኮ የሚባል የወተት መኪና ነበር። ድርጅቱ በ1926 ዲትሮይት ውስጥ ተቋቋመ። ወተት አዳዩ በየደጃፉ እየወረደ ስለሚወጣ፣ ዲቭኮ ቆሞ እንዲነዳ ሆኖ ተሠራ። አፍንጫው ድፍጥ ያለው ሞዴል ዩ በ1937 ወጥቶ መልኩ ብዙም ሳይለወጥ እስከ 1986 ዘለቀ። የኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ሜትሮ ደግሞ በ1938 የወጣ ሲሆን የነደፈው ዕውቁ ንድፍ አውጪ ሬይመንድ ሎዊ ነው። እንግሊዞች ከ1949 እስከ 1961 በር የሚንሸራተተውን ሞሪስ ጄ ሠርተዋል። የፖስታ ቤታቸው የመጀመሪያዎቹ ሞሪስ ማይነር ቫኖች ደግሞ የፊት ፓራፋንጎአቸው ከጎማ የተሠራ ነበር። ጠባብ ጎዳና ላይ ቢጋጭም ተመልሶ ይነሳል፤ ባትላሜራ ቤት መመላለስ ቀረ ማለት ነው። ዛሬ ያንን የጎማ ፓራፋንጎ ማግኘት ፈተና ነው።

ፍለጋው የት ይጀመራል? ሻጭ ማስታወቂያ ላይ ሲወጣ ዋጋው ቀድሞ ሰማይ ነክቷል። ጥሩ ግኝት የሚወጣው ከእርሻ ጓሮ፣ ከተዘጋ ፋብሪካ ግቢ፣ ከአሮጌ ጋራዥ ጀርባ ነው። ቫን ጣሪያና በር ያለው ሣጥን ስለሆነ ሞተሩ ከሞተ በኋላም ሥራ አያጣም፤ የዶሮ ቤት ይሆናል፣ የመሣሪያ ማስቀመጫ ይሆናል። ያተረፈውም ይኸው ነው። ይሁንና ጎማው ወልቆ ወለሉ በቀጥታ አፈር ላይ ከተቀመጠ ከታች በኩል በልቶት ያልቃል። የዶሮ ኩስም ብረት ይበላል። ከላይ ደህና መስሎ ወለሉ ሲረገጥ እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ቫን ሞልቷል።

ሊገዛ የሄደ ሰው ቀለሙን ትቶ ይንበርከክ። የበር ሥር፣ የጎን ማገር፣ የጎማ ቤቱ ውስጠኛ ጥግ፣ ሻንሲው (መኪናውን ከሥር የሚሸከመው አጽም) ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፦ ዋጋው የሚወሰነው እዚያ ነው። ማግኔት ይዞ መሄድ ያዋጣል። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። ቀጥሎ ቁጥሩ። የሻንሲ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ካልተመሳሰለ መኪናው ቢያምርም ሌላ ጣጣ ይጠብቃል። ለቮልስዋገን ፈላጊዎች አንድ ዕድል አለ፤ ጀርመን፣ ቮልፍስቡርግ ያለው የመኪና ሙዚየም በሻንሲ ቁጥሩ መዝገብ አይቶ የተመረተበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሙንና የተላከበትን አገር የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

የጎደለ ነገርም ይቆጠራል። ሞተርና ካምቢዮ ብዙ ጊዜ ከቤት መኪና የተወሰዱ ስለሆኑ ይገኛሉ፤ የታይፕ 2 ሞተር የቢትል፣ የኤች ሞተር የትራክሲዮን አቫንት ዘመድ ነው። የሚያንገበግበው የበር እጀታ፣ የመስታወት ጎማ፣ የተንሸራታች በር ሐዲድ ነው። ለቫኑ ብቻ ተሠርተው የቀሩ ናቸውና። ልምድ ያለው ሰው ሁለተኛ የተበላሸ ቫን የሚገዛው ለእነዚህ ሲል ነው።

ሥራው ሲጀመር የሁሉም ነገር ፎቶ ይነሳል፤ ብሎኑም በየከረጢቱ ተጽፎበት ይቀመጣል። አሰልቺ ነው፤ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ያስታውሳል? የቆመ ሞተር በሞተሪኖ አይፈተንም። ካንዴላው ይወልቅና በየቀዳዳው ቀጭን ዘይት ይንጠባጠባል። ጥቂት ቀን ጠጥቶ ሲቆይ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል። አልዞር ካለ ይፈታል እንጂ ጉልበት አይሞከርም። የዚያ ዘመን ፍሬን አብዛኛው መስመሩ አንድ ነው፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ቱቦውም ሲሊንደሩም ሳይመረጥ ይለወጣል። የድሮ የፍሬን ሸራ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ፣ የድሮ ቀለም ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አቧራውን በኮምፕረሰር መንፋት የለም፤ በውሃ እያረጠቡ፣ ተገቢ ጭንብል አድርገው ነው የሚሠሩት።

የቫን እውነተኛ ፈተና ላሜራው ነው። የቤት መኪና አካል ጎበጥ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ትንሽ ስህተት ይደበቅበታል። የቫን ጎን ግን ሰፊና ዝርግ ነው። በአሸዋ ግፊት ዝገቱን ላንሳ ያለ ሰው ላሜራውን ያወዛውዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ሲያቃናው ይኖራል። አሸዋ ለሻንሲና ለወፍራም ብረት ነው፤ ዝርጉ ጎን በኬሚካል ወይም በእጅ ይገፈፋል። ብየዳም እንዲሁ ነው። አንድ ነጥብ ይመታል፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ፤ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። የቸኮለ በያጅ ላሜራውን አሙቆ ያጣምመዋል። ሻንሲና አካሉ አንድ በሆነበት ቫን ደግሞ የበሰበሰው ማገር ከመቆረጡ በፊት በበሩ ክፍተት ላይ የብረት ድጋፍ ይበየዳል። ያ ካልተደረገ አካሉ ይሰምጥና በሩ ዳግም አይገጥምም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙ ቫኖች አጽማቸው እንጨት ነው። ፋብሪካው ሻንሲውን ሲሸጥ ሣጥኑን የሚሠራው ሌላ አናጢ ነበር። ሥዕሉ የለም፤ ሁለት ቫንም አንድ ዓይነት አይሆንም። ስለዚህ የበሰበሰው እንጨት አይጣልም፤ የአዲሱ ልክ የሚወሰደው ከእሱ ነው።

በሥራው ሁሉ እጅግ የምወደው የጽሑፉን ፍለጋ ነው። ከአራት አምስት እጅ ቀለም ሥር የመጀመሪያው ነጋዴ ስም ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ መብራት ከጎን ይበራበታል፤ የድሮ ፊደል ጠርዝ ትንሽ ከፍ ስለሚል ጥላው ይታያል። ከዚያ በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየተነከረ፣ በመዳፍ ልክ ቦታ ላይ ቀስ ተብሎ ይታሻል። ግራጫው ይሄዳል፣ አረንጓዴው ይመጣል፣ ከሥሩ የወርቅማ ፊደል ጭራ ብቅ ይላል። እዚያ ላይ እጅ ይሰበሰባል። ፎቶ ተነስቶ፣ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ተቀድቶ፣ ከዚያ ነው የሚወሰነው፤ እንዳለ ይተው ወይስ በአዲስ ቀለም ላይ በብሩሽ ይጻፍ?

ይህ ውሳኔ ሰብሳቢዎችን ለሁለት ይከፍላል። በ2012 የጸደቀው የፊቫ የቱሪን ቻርተር ሚዛኑን ያደረገው ወደ ጥበቃ ነው፤ የሚነካው አስፈላጊው ብቻ ይሁን፣ የተሠራውም ይመዝገብ ይላል። እኔም ወደዚያው አደላለሁ። የመደርደሪያ ብሎን የበሳው ቀዳዳ፣ የወተት ሣጥን የፋቀው ወለል የቫኑ የሥራ ደብተር ነው። ሁሉንም በስቱኮ ደፍኖ እንደ መስታወት ማብረቅረቅ ፋብሪካው ራሱ ያልሠራውን መኪና መሥራት ነው። በፍሬንና በኤሌክትሪክ ግን ድርቅ ማለት አያስፈልግም። ታይፕ 2 እስከ 1966 ድረስ በ6 ቮልት ይሠራ ነበር፤ ማታ የሚነዳው ሰው ወደ 12 ቮልት ቢያሳድገው ማን ይቆጣዋል? የድሮውን ዕቃ በሣጥን ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ሲትሮኤን ኤችን ተወዳጅ ያደረገው የመንገድ ላይ ምግብ ንግድም በሁለት በኩል የሚቆርጥ ነው። ብዙዎቹን ከቁራጭ ብረት አድኗቸዋል፤ የብዙዎቹንም ጎን አስቆርጧል። ለንግድ የሚያድስ ሰው ያለውን የኋላ በር እንደ መሸጫ መስኮት ቢጠቀም፣ ምድጃና ማቀዝቀዣውን በሚፈታ ፍሬም ላይ ቢያስር፣ ቀጣዩ ባለቤት ቫኑን ሊመልሰው ይችላል። የሚጫነው ክብደት ግን በሚዛን ይታይ፤ የውሃ ጋን፣ ጋዝና ማብሰያ ተደማምሮ ለዳቦ የተሠራውን ፍሬን በቀላሉ ያልፈዋል።