ሴሉ ካልተከፋፈለ ክሮሞሶም የለም ያለው ማነው?

በማይክሮስኮፕ የሴል ስላይድ ሳይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ፣ የህክምና ተማሪዎች ጭምር፣ አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፦ "ሴሉ እየተከፋፈለ ካልሆነ እረፍት ላይ ነው፣ ክሮሞሶሙም (ጂን የተሸከመው የዲኤንኤ ክር) ሟሙቶ ጠፍቷል፣ ታዲያ ምን ታያላችሁ?" ኧረ በናታችሁ ይሄ ነገር ይብቃ! ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያድግ የሰው ሴል አንድ ዙር ለመጨረስ 24 ሰዓት ገደማ ከፈጀበት መከፋፈሉ ራሱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው፣ የቀረው በሙሉ ኢንተርፌዝ ነው፣ ጂን የሚነበበው ፕሮቲን የሚሰራው ዲኤንኤው የሚባዛው ያኔ ነው። እንደውም ሲከፋፈል ነው አብዛኛው ጂን ዝም የሚለው።

ጠፋ የሚባለው ክሮሞሶም ደግሞ የትም አልሄደም፣ ላላ እንጂ። 2 ሜትር የሚሆን ዲኤንኤ የሚሊሜትር መቶኛ በምታክል ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ እንኳን እርስ በርሱ አልተዘበራረቀም፣ እያንዳንዱ ክሮሞሶም የራሱን ቦታ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ክሮሞሶም 18 እና 19 በመጠን ይቀራረባሉ አይደል? በነጭ የደም ሴል ውስጥ በቀለም ለይታችሁ ስታዩዋቸው ግን ጂን የበዛበት 19 ወደ መሀል፣ ጂን ያነሰው 18 ወደ ጠርዝ ነው። ይሄ ለጌጥ አይደለም፣ ለህክምና ጥናት ትልቅ ነገር ነው! አንዱን የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) አይነት፣ ሲኤምኤልን፣ የሚያመጣው የክሮሞሶም 9 እና 22 ቁራጭ መቀያየር ነው፣ የሚገናኙት ሁለቱ ጂኖች ደግሞ በደም ሴሎች ኢንተርፌዝ ውስጥ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ተቀራርበው ነው የተገኙት። ሳይንቲስቶቹ ባር እና በርትራም እኮ ገና በ1949 እ.ኤ.አ. በማይከፋፈሉ የሴት ድመት ነርቭ ሴሎች ውስጥ አንዲት ጥቁር ነጥብ አይተዋል፣ በኋላ ስራውን ያቆመው ኤክስ ክሮሞሶም መሆኑ ታወቀ።

"ክሮሞሶም የኤክስ ቅርጽ ነው" የሚባለውም፣ ከተባዛ በኋላ ሊከፋፈል ሲል ተጠቅልሎ ብቻ ነው እንደዛ የሚሆነው።

"ለምርመራ የግድ ሴሉ ላቦራቶሪ ውስጥ አድጎ መከፋፈል አለበት" ለካርዮታይፕ (ሁሉም ክሮሞሶሞች አንድ በአንድ ለሚታዩበት ምርመራ) እውነት ነው፣ ለፊሽ (የተመረጡ የክሮሞሶም ቦታዎችን በሚያበራ ምልክት ለሚያሳየው ምርመራ) ግን አይደለም። ፊሽ በኢንተርፌዝ ሴል ላይ ስለሚሰራ በእርግዝና ወቅት የሚደረገው የፅንስ ክሮሞሶም ምርመራ ውጤት በ1 ወይም 2 ቀን ይደርሳል።

እዚህ ላይ ግን ተቃራኒው ስህተት ይመጣል፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ፦ "ፊሽ ኖርማል ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ክሮሞሶም ጤነኛ ነው።" አይደለም! ፕሮብ (የፊሹ የሚያበራ ምልክት) የሚያበራው የተላከበትን ቦታ ብቻ ነው፣ በእርግዝና ብዙ ጊዜ ክሮሞሶም 13፣ 18፣ 21፣ ኤክስ እና ዋይ ናቸው። አንዲት እናት ፊሹ ኖርማል ሲባል ሌላውን ውጤት መጠበቅ ትታ ነበር፣ ሙሉው ካርዮታይፕ ሲመጣ ክሮሞሶም 4 እና 11 ቁራጭ ተቀያይረዋል፣ ፕሮቡ እነሱን ጭራሽ አልነካቸውም። እንዲህ ሲገኝ መጀመሪያ የእናትና የአባት ደም ነው የሚታየው፣ ምክንያቱም ከወላጅ የመጣና ምንም ያልጎደለበት መቀያየር አብዛኛውን ጊዜ ልጁን አይጎዳም፣ ስለዚህ ሳይጣራ አትደንግጡ።

በአንድ ሴልም አይፈረድም፣ በኢንተርፌዝ ሁለት የፕሮብ ነጥቦች ተደራርበው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፣ ለዛ ነው ብዙ ሴል የምንቆጥረው። ስለዚህ ወረቀቱን ስትቀበሉ ሀኪማችሁን ጠይቁ፣ የትኞቹ ፕሮቦች ናቸው የተሰሩት፣ ስንት ሴል ተቆጠረ፣ ሙሉ ካርዮታይፕ ወይም ማይክሮአሬይ (በሁሉም ክሮሞሶም የጎደለ ወይም የተረፈ ዲኤንኤ የሚፈልግ ምርመራ) ገና ይመጣል ወይ፣ ይመጣል ከተባላችሁ ደግሞ እሱ ሳይደርስ ምንም አትወስኑ።