«ሦስተኛው አስተማሪ» ምንድን ነው?

የአጸደ ሕፃናት ባለሙያዎች «ሦስተኛው አስተማሪ» የሚሉት ሰውን አይደለም። ሕንፃውን፣ ግቢውን፣ በመስኮት የሚገባውን ብርሃን ነው። ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት በእጁ፣ በጆሮው፣ በአፍንጫው ይማራል። ስለዚህ ቤቱም የሚነካ፣ የሚሰማ፣ የሚሸተት ነገር ይኑረው ነው ነገሩ።

አባባሉ የወጣው ከጣሊያኗ ሬጂዮ ኤሚሊያ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ እንዳበቃ፣ ከከተማዋ አቅራቢያ ያለ መንደር ሰዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ መኪናና ፈረስ ሽጠው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። (ታንክ ሽጦ ኬጂ! የኔ ዓይነት ሰዎች።) ወጣቱ መምህር ሎሪስ ማላጉዚ ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ሊያያቸው ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ሐሳቡን ያሳደገው እሱ ነው።

ቶኪዮ አጠገብ ታቺካዋ ውስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፉጂ አጸደ ሕፃናት ደግሞ ጣራው ሞላላ ቀለበት ነው። ልጆቹ ላዩ ላይ እየዞሩ ይሮጣሉ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ትልልቅ ዛፎችም አልተቆረጡም፤ ጣራውን አልፈው ወጥተዋል።

አሁን ወደ እኛዋ ሐዋሳ እንምጣ። እዚህ ብዙው የግል ኬጂ የተከራየ ቪላ ነው። ግድግዳው ላይ ሚኪ ማውስ ይሳላል፣ ግቢው ሴራሚክ ይነጠፋል፣ አለቀ። እኔን የሚያናድደኝ መስኮቱ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ ነው፤ መስኮቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። ልጁ ቁጭ ሲል የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ግቢው ውስጥ ያለችውን ወፍ የምታየው መምህሯ ናት። መስኮቱ ወደ 50 ሳንቲሜትር ዝቅ ቢል፣ የታችኛው ክፍሉም የማይከፈትና በቀላሉ የማይሰበር መስታወት ቢሆን፣ ልጁም ያያታል።

ብርሃን ሲባል ፀሐይ እንደፈለገች ትግባ ማለት አይደለም። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ብዙም አትርቅም፤ በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለውን መስኮት መለስተኛ ታዛ ያጠላለታል። ጣጣው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ጠዋት ዓይን ታጭበረብራለች፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ምዕራብ የሚያይ ክፍል ምድጃ ነው። ስለዚህ ስቶርና መጸዳጃ ቤቱን በዚያ በኩል ማድረግ፣ ካልሆነም ዋንዛ ወይም ግራር መትከል ነው።

ድምፅን ማንም አያስታውሰውም። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣራ ስር ክረምት ሲገባ መምህሯ «በ» ትበል «ደ» አይለይም። ሴራሚኩና ልስን ግድግዳው ደግሞ ጫጫታውን መልሰው ያስተጋባሉ። ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ ብዙ ይረዳሉ። ለሚዳሰሰው ነገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሲዳማ ደጋ ቀርከሃ ሞልቶታል። በተሸመነ ቀርከሃ የተከፈለ ክፍል ልጅ ጣቱን እየሰደደ የሚመረምረው ነገር አለው። ቀለም የተቀባ ብሎኬት ያንን አይሰጥም።

ከሁሉ ዋጋው የሚረክሰው አፈር ነው። ጥግ ላይ አሸዋ፣ ውሃና ጭቃ ይኑር። «ልጄን ጭቃ በጭቃ አድርጋችሁ ላካችሁብኝ» የሚል ወላጅ አይጠፋም፤ መልሱ ሽርጥና በልጅ ቁመት የተሰቀለ ቧንቧ ነው። ደጅ መዋሉ ለዓይንም ይበጃል። ክፍል ውስጥ ያለው ብርሃን ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ነው፤ ደጅ ዛፍ ጥላ ስር እንኳ ሺዎች ይደርሳል። ደጅ የሚውሉ ልጆች ሩቁን ማየት የመቸገር ዕድላቸው እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ሐይቁ አጠገብ ለሆነ ግቢ ግን አንድ ማሳሰቢያ፦ የምሳ ዕቃ መደርደሪያው መዝጊያ ይኑረው። የሐዋሳ ጦጣ አይታማም።

ለምዝገባ ስትሄዱ ከሰዓት ሂዱ። ክፍሉ ውስጥ በልጃችሁ ቁመት ልክ ቁጢጥ በሉና ምን እንደሚታይ እዩ። ከዚያ ዝናብ ሲዘንብ ልጆቹ የት እንደሚጫወቱ ጠይቁ።