ክሊኒካል ፋርማሲ ምንድን ነው?

ወደ መድኃኒት ቤት የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ማዘዣውን በመስኮት ያቀብላል፣ ዋጋው ይነገረዋል፣ ከፍሎ «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ተብሎ ይሸኛል። ክሊኒካል ፋርማሲ ፋርማሲስቱን ከዚህ መስኮት አስወጥቶ ወደ ታካሚው የሚያቀርብ የሙያ ዘርፍ ነው። ባለሙያው ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር ሆኖ የታዘዘው መድኃኒት ለዚህ ሰው፣ በዚህ መጠን፣ ከሌሎች መድኃኒቶቹ ጋር ተዳምሮ ተገቢ መሆኑን ይመረምራል፤ ከተሰጠም በኋላ የታሰበውን ለውጥ ማምጣቱን ይከታተላል።

ፋርማሲስቱ በጥንቱ ሙያው ቀማሚ ነበር። ፋብሪካዎች መድኃኒቱን አዘጋጅተውና አሽገው ማቅረብ ሲጀምሩ ግን እጁ ላይ የቀረው በዋናነት ቆጥሮ ማደል ሆነ፤ የረጅም ዓመት ትምህርቱም ከሥራው ጋር አልመጣጠን አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ሆስፒታሉ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ፣ ፋርማሲስቶች ሌሊትና ቀን የሚሠሩበት አነስተኛ ፋርማሲ ከፈተ። ከዘርፉ መነሻዎች አንዱ ይህ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ አሜሪካውያኑ የፋርማሲ ምሁራን ቻርልስ ሄፕለርና ሊንዳ ስትራንድ ፋርማሲስቱ ከሐኪሙና ከታካሚው ጋር በመተባበር ለመድኃኒት ሕክምናው ውጤት ኃላፊነት ሊወስድ ይገባል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እንደ እኔ ግምት የሙያውን አቅጣጫ ከሁሉ በላይ የቀየረው ይህ «ኃላፊነት» የሚለው ቃል ነው፤ ማዘዣው ላይ የተጻፈውን በትክክል ማደል ብቻውን ሥራውን እንደማያጠናቅቅ አስረድቷልና።

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት አንዲት ታማሚ እናስብ። በቁርጥማት ሳቢያ የተጎዳ የልብ ቫልቭ አላት፤ ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ በዚህ መካከል የሳንባ ነቀርሳ ያዛትና ሪፋምፒሲን ያለበት ሕክምና ይጀመርላታል። ሁለቱም መድኃኒቶች በየፊናቸው ትክክል ናቸው፤ እያንዳንዱን ማዘዣ ለብቻው የሚያይ ሰው ስህተት አያገኝም። ሪፋምፒሲን ግን ጉበት ዋርፋሪንን የሚሰባብርባቸውን ኢንዛይሞች ስለሚያበዛ፣ የቀድሞው መጠን ከቀን ወደ ቀን ኃይሉን ያጣና ለደም መርጋት፣ አልፎም ለስትሮክ ያጋልጣታል። ስለዚህ አይኤንአር የተባለው የደም መርጋት ምርመራ ቶሎ ቶሎ እየታየ የዋርፋሪኑ መጠን ከፍ ሊል ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የኋለኛው ክፍል ነው፤ የነቀርሳው ሕክምና ሲያበቃ ኢንዛይሞቹ በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበሩበት ስለሚመለሱ፣ መጠኑ ካልተቀነሰ ያው ከፍ የተደረገው ዋርፋሪን ደም ያፈስሳታል። ክሊኒካል ፋርማሲስት ይህን ከመጀመሪያው ቀን አስቦ የሚከታተል ሰው ነው።

የሚመራባቸው ጥያቄዎችም አራት ናቸው ማለት ይቻላል፤ መድኃኒቱ ያስፈልጋል ወይ፣ ይሠራል ወይ፣ ይጎዳል ወይ፣ ታካሚው እንደታዘዘለት ይወስደዋል ወይ። አራተኛው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ መድኃኒት የሚቋረጠው በመርሳት ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ሲያጥር፣ መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ወይም ከጠበል ጋር አይሄድም ተብሎ ሲታመንም ይቋረጣል፤ ምክንያቱ ደግሞ ታካሚውን በእርጋታ ጠይቆ ካልሆነ አይገኝም።

ይህ ሁሉ ጥቅም ያመጣል ብሎ መናገር አንድ ነገር ነው፣ ማሳየት ሌላ። የፋርማሲ አሠራር ምርምር የሚባለው ዘርፍ ሥራው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካዊው ሐኪም ሉሲያን ሊፕና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት በብዛት የሚጠቀሰውም ለዚህ ነው። በቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ፋርማሲስት ከሐኪሞች ጋር በጠዋቱ ራውንድ (ሕሙማንን በየአልጋቸው እየዞሩ በማየቱ ሥራ) እንዲሳተፍ ተደረገ፤ በትእዛዝ ስህተት ሳቢያ የሚደርሰውና መከላከል የሚቻለው የመድኃኒት ጉዳትም በ1000 የታካሚ ቀናት (አንድ ታካሚ የተኛበት እያንዳንዱ ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር) ከ10.4 ወደ 3.5 ወረደ። ሐኪሞቹ ከቀረቡት 366 ምክሮች 362ቱን ተቀብለዋል። የአንድ ሆስፒታል ጥናት መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ሆኖም ብርታቱ የተቀባይነት ቁጥሩ ላይ ሳይቆም የደረሰውን ጉዳት መለካቱ ነው። ሐኪም ምክሩን ተቀበለ ማለት ታካሚው ተሻለው ማለት ስላልሆነ፣ ምክሮችን ቆጥሮ የሚያበቃ ጥናት ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ይመስለኛል።

በኢትዮጵያ የፋርማሲ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1961 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ትኩረቱ በመድኃኒቱ ላይ ነበር። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ሥርዓተ ትምህርቱ ታካሚ ተኮር ሆኖ ወደ አምስት ዓመት ከፍ አለ፤ ተማሪዎችም በዋርድ (በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ውስጥ ራውንድ እየተከታተሉ መመረቅ ጀመሩ። ከምረቃ በኋላ ግን ብዙዎቹ የሚመደቡት የእደላ መስኮቱ ላይ ወይም መጋዘን ውስጥ ነው፤ ዋርድ የደረሱትም ቢሆኑ ምክራቸውን ብዙውን ጊዜ በቃል ተናግረው ያልፋሉ። ጠዋት ለሐኪሙ በጆሮው የተነገረች የዶዝ ማስተካከያ በታካሚው ካርድ ላይ ካልሰፈረች፣ ማታ የሚገባው ተረኛ አያውቃትም፤ ከዓመት በኋላ ካርዶቹን የሚያገላብጠው ተመራማሪም አያገኛትም።