የተፋቀ ዱላ፦ ሶፍትቦልን የሚፈትነው ማጭበርበር

ሶፍትቦል የቤዝቦል ታናሽ ወንድም ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ቺካጎ ውስጥ ተጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ሰፊ ተጫዋች ያለው ዓይነት፣ ኳሷ ከፍ ተደርጋ በቀስታ የምትወረወርበት ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችና ጎረቤታሞች፣ ጡረተኞችም ሳይቀሩ ይጫወቱታል። ቀስ ብላ የመጣችው ኳስ ግን ተመትታ ስትመለስ ቀስ አትልም።

ድሮ ኳሷ የምትመታበት ዱላ እንጨት ነበር። እንጨት ሲመታት ኳሷ ትጨፈለቃለች፤ ጉልበቷም አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ውስጡ ባዶ የሆነው የአሉሚኒየም፣ ቀጥሎም የካርቦን ፋይበር ዱላ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አሁን የዱላው ገላ ራሱ እንደ ትራምፖሊን ገባ ብሎ ይመለሳል፤ ኳሷም ተስፈንጥራ ትሄዳለች። ገላው በሳሳ ቁጥር ፍጥነቷ ይጨምራል።

ዛሬ ዩኤስኤ ሶፍትቦል የሚባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ደረጃ ለዚህ ገደብ አበጀለት። በላቦራቶሪ ሲለካ፣ ኳሷ ከዱላው የምትወጣበት ፍጥነት በሰዓት ከ98 ማይል ማለፍ የለበትም። ወደ 158 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ፈተናውን ያለፈ ዱላ የፈቃድ ማኅተም ይታተምበታል። ቁጥሩ የወረቀት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው 50 ጫማ፣ 15 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ፍጥነት የተመታች ኳስ ፊቱ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅባትም።

አጭበርባሪዎቹ የሚነኩት ይህችን ቅጽበት ነው። የዱላው ጫፍ ላይ ያለው ክዳን ይነቀላል። ዱላው ቶርኖ በሚባለው እያሽከረከረ የሚፍቅ ማሽን ላይ ይታሰርና ውስጡ ይፋቃል። ከዚያ ክዳኑ በማጣበቂያ ይመለሳል። ከውጭ ሲያዩት ያው ነው፤ ማኅተሙም አለ። ሌሎች ደግሞ ዱላውን በሁለት ሮለር መሃል እየጨመቁ ያፍታቱታል። የታገደ ዱላ ቀለም ቀብተው የተፈቀደ የሚያስመስሉም አሉ። እኔን የሚያናድደኝ አደጋው የሚያርፈው ምንም በማያውቀው ሰው ላይ መሆኑ ነው። ብዙ ወርዋሪዎች አሁን የፊት መከላከያ ያደርጋሉ።

በዩኤስኤ ሶፍትቦል ደንብ የተነካካ ዱላ ይዞ የገባ መቺ ከጨዋታው ይባረራል። ግን የተፋቀን ዱላ በዓይን መለየት ከባድ ነው። ዳኛው ክዳኑ ዙሪያ የማጣበቂያ ትርፍ ካለ ያያል፤ ዱላውን ነቅንቆም የሚንኳኳ ነገር ካለ ያዳምጣል። ስለዚህ አንዳንድ ውድድሮች ላይ መጭመቂያ መሣሪያ ሜዳ ድረስ ይመጣል። ዱላው ይጨመቃል፤ ምን ያህል እንደሚቋቋም በቁጥር ይነበባል።

ይህ ምርመራ ንጹሑንም ሰው ሊነካ ይችላል። የካርቦን ፋይበር ዱላ ብዙ ሲመታበት ገላው በራሱ ይላላል፤ የኳሷም ፍጥነት ይጨምራል። ቁጥሩ ከተፈቀደው በታች ከወረደ፣ ባለቤቱ ምንም ባያጠፋም ዱላው ወደ ሜዳ አይገባም።