ፊዚክስን ሙያ ስለማድረግ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ፊዚክስ አጠናለሁ የሚል ወጣት ከሰው የሚያገኘው ምላሽ ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ «አንተማ ጭንቅላት አለህ» ብሎ ያሞግሰዋል፤ ግማሹ «ተምረህ ምን ልትሠራበት ነው?» ብሎ ያዝንለታል። ሁለቱም ሙያውን የሚያውቁት ከሩቅ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ፊዚክስ ልዩ አእምሮ ይዘው ለተወለዱ ብቻ ነው።» ለዚህ ሁልጊዜ የሚጠራው ምስክር አልበርት አይንስታይን ነው። የሚገርመው፣ ሌሎች ደግሞ የዚያኑ ሰው ስም አንስተው «በልጅነቱ ሒሳብ ይወድቅ ነበር» እያሉ ሰነፉን ያጽናኑበታል። አልወደቀም፤ 15 ዓመት ሳይሞላው ካልኩለስ ያውቅ ነበር። በ1895 የዙሪክ ፖሊቴክኒክን የመግቢያ ፈተና አላለፈም፤ ያኔ ግን ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር፣ የጣሉትም ሒሳብና ፊዚክስ ሳይሆኑ ሌሎቹ ትምህርቶች ናቸው።

እኔ ብጠየቅ በምስክርነት የማቀርበው እንግሊዛዊውን ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይን ነው። የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ መደበኛ ትምህርቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሲማር፣ ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን አስተማረ። በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ፤ የዛሬዎቹ ጄኔሬተሮች የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው። በሒሳብ ደካማ ስለነበረ ሐሳቡን በቀመር ያስቀመጠለት ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ነው። ይህ ሲባል ዛሬ ያለ ሒሳብ ይቻላል ማለት አይደለም፤ አይቻልም። ነገር ግን ሒሳቡ የሚገኘው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥያቄ በመሥራት ነው። በአንድ ጥያቄ ላይ ሦስት ምሽት የሚያጠፋ ተማሪ ደደብ ስለሆነ አይደለም፤ ሥራው ራሱ እንዲያ ነው።

«የፊዚክስ ሰው ሥራው ሰሌዳ ላይ ቀመር መጻፍ ነው።» ከዚህ ይልቅ ቀዳዳ ሲፈልግ ልታገኙት ትችላላችሁ። ብዙ ሙከራ የሚካሄደው አየር ተመጥጦ በወጣለት የብረት ክፍል ውስጥ ነው። ግፊቱ አልወርድ ካለ አንድ ቦታ አየር እየገባ ነው ማለት ነው። ተመራማሪው በቀጭን ቱቦ ሂሊየም ጋዝ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ በጥቂቱ እየነፋ ዓይኑን ከመለኪያው ላይ አይነቅልም። ሂሊየም የተመረጠው እጅግ ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ስለሚሾልክና በተራው አየር ውስጥ በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው፤ መለኪያው ካሳየው የመጣው ከዚያች ቱቦ ነው። ቁጥሩ ዘለል ካለ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ወይም መሐል ያለው የመዳብ ቀለበት ይለወጣል። ካላለ ወደ ቀጣዩ መጋጠሚያ ይታለፋል። በዚህ ብቻ ቀናት ያልፋሉ። በንድፈ ሐሳብ የሚሠሩትም ቢሆኑ አብዛኛው ቀናቸው የሚያልቀው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲጽፉና ስህተቱን ሲያርሙ ነው።

«ብቸኛ ለሆነ ሰው የሚስማማ ሙያ ነው።» በ2015 ሂግስ ቦዞን ስለተባለው መሠረታዊ ቅንጣት ክብደት በወጣ አንድ የምርምር ጽሑፍ ላይ 5,154 ደራሲያን ተዘርዝረዋል። ከ33ቱ ገጾች 24ቱን የያዘው የስምና የተቋም ዝርዝር ነው! መከራከር፣ መጻፍና ማስረዳት የማይወድ ሰው ይቸገራል።

«ሁሉም ነገር ተደርሶበታል።» ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ፕላንክም በተማሪነቱ ይህንኑ ከአንድ መምህሩ ሰምቷል። በ1900 የኳንተም ፊዚክስን፣ ማለትም የአቶሞችንና የጥቃቅን ቅንጣቶችን ባሕርይ የሚያጠናውን ዘርፍ፣ በር የከፈተው እርሱው ነው።

«ዕድሜው 30 ሳይሞላ ትልቅ ሥራ ያልሠራ ከዚያ በኋላ አይሠራም።» ጆን ጉድኢናፍ በፊዚክስ ዶክትሬቱን ያገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1952 ነው። ለሊቲየም ባትሪ መሠረት የሆነውን ሥራውን በ1980 ሲያወጣ ወደ 60 ዓመት እየተጠጋ ነበር። በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለም ደግሞ 97 ዓመቱ ነበር።

«ሴቶች ፊዚክስ አይሆንላቸውም።» ከ1901 እስከ 2023 የፊዚክስ ኖቤል ያገኙት ሴቶች 5 ብቻ መሆናቸው እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ከአምስቱ አንዷ ማሪያ ጎፐርት ማየር ባሏ ፕሮፌሰር በነበረበት ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ያለ ደመወዝ ሠርታለች፤ ባልና ሚስትን አንድ ቦታ የመቅጠር ክልከላ ነበረና። በ1963 ተሸለመች። ቁጥሩ የሚያሳየው ተዘግቶ የኖረውን በር ነው።

«ከማስተማር ሌላ ሥራ የለውም።» ማስተማር የተናቀበት ምክንያት አይገባኝም፤ ያም ሆኖ አባባሉ ስህተት ነው። በካንሰር ሕክምና ማዕከል ውስጥ የጨረር መጠኑ ዕጢው ላይ በትክክል ማረፉን የሚያሰላውና መሣሪያውን የሚፈትሸው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነው። የኮምፒውተር ቺፕና የሌዘር አምራቾች፣ የአየር ትንበያ ተቋማት፣ የከርሰ ምድር አሳሾች፣ ባንኮችም ሳይቀሩ የፊዚክስ ምሩቃንን ይቀጥራሉ።

ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ የሚወራው ነው፦ «ዶክትሬት ከያዝክ ፕሮፌሰርነት አይቀርልህም።» በደንብ ይቀራል። አንድ ፕሮፌሰር በሥራ ዘመኑ ብዙ የዶክትሬት ተማሪዎችን ያስመርቃል፤ ጡረታ ሲወጣ ግን ወንበሩ አንድ ነው። የቀሩት ከዶክትሬት በኋላ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ኮንትራት እየፈረሙ ከአገር አገር ሊዞሩ ይችላሉ፤ በመጨረሻም ብዙዎቹ ሌላ መስክ ይገባሉ። ስለዚህ የዶክትሬት አማካሪ ከመምረጥ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነውር የለውም፦ ከዚህ በፊት ያስመረቋቸው ተማሪዎች አሁን የት ነው የሚሠሩት?