ክሌፕቶፕላስቲ ምንድን ነው?

«የቅጠል በግ» የምትባለው ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ፎቶዋ በወጣ ቁጥር ከሥሩ ያው ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፦ «እንደ ተክል ፀሐይ እየሞቀች የምትኖር እንስሳ»። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ምግብ አያስፈልጋትም» ብሎ ደመደመ። ታዲያ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል መሳይ ፍጥረት) ላይ ተለጥፋ የምትኖረው ለምን ይመስለዋል?

የቅጠል በግ በሳይንስ ስሟ ኮስታሲዬላ ኩሮሺማይ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በሳይንስ የተመዘገበች፣ ስሟን ከጃፓኗ ኩሮሺማ ደሴት ያገኘች፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማትበልጥ ፍጥረት ናት። አቭሬንቪሊያ የሚባለውን አልጌ ሕዋስ በጥርሷ በስታ ውስጡን ትመጥጣለች። ከመጠጠችው አብዛኛው ይፈጫል፤ ክሎሮፕላስቱን፣ ማለትም በብርሃን ምግብ የሚሠራውን የሕዋስ ክፍል፣ ግን በራሷ ሕዋሳት ውስጥ ታቆየዋለች። ክሌፕቶፕላስቲ የሚባለው ይህ ስርቆት ነው። ጀርባዋ ላይ ያሉትን ቅጠል መሳይ አካላት በአጉሊ መነጽር ብታዩ፣ አረንጓዴው የቆዳዋ ቀለም ሳይሆን እስከዚያ የተዘረጋው የምግብ መፍጫ እጢ ነው።

አንድ ሰው ከሌላ መንደር ወፍጮ ሰርቆ ቤቱ አስገባ እንበል። ድንጋዩ ሲዶለዱም የሚወቅረው ባለሙያ ግን እዚያው መንደር ቀርቷል። ወፍጮው ለጊዜው ይሠራል፣ ከዚያ ይደክማል፤ ሌባውም ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይወጣል። የእሷም ወፍጮ ክሎሮፕላስቱ ነው፦ ክሎሮፕላስቱን የሚጠግኑት አብዛኞቹ ፕሮቲኖች የሚሠሩት በአልጌው ኒውክለስ (ዘረመሉን የያዘው የሕዋስ ክፍል) ውስጥ ባሉ ጂኖች ትእዛዝ ነው፤ እሷ ኒውክለሱን አላቆየችም። ልጆቿም ወፍጮውን አይወርሱም፤ እያንዳንዳቸው ራሳቸው ሄደው መስረቅ አለባቸው። የዘመዷ የኤሊሲያ ክሎሮቲካ ነገር ሲነሳ «ባለሙያውንም ሰርቃለች» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአልጌው ጂን ተገኘባት የሚል ጥናት ወጥቶ ነበር፤ በ2013 የእንቁላሏ ዘረመል ሲመረመር ግን ለዚያ ማስረጃ አልተገኘም።

ዱቄቱስ፣ ማለትም ክሎሮፕላስቱ የሚሠራው ምግብስ? እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ሁለት ሌሎች የዚሁ ወገን ዝርያዎች፣ ኤሊሲያ ቲሚዳና ፕላኮብራንከስ ኦሴላተስ፣ በብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያዋህዱ ታየ። ጨለማ ውስጥ ሲቆዩ ግን አልሞቱም። እንግዲህ ወፍጮው ይፈጫል፤ ቤቱ የሚተዳደረው ግን በዱቄቱ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፦ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ብርሃኑ ኤሊሲያ ቲሚዳን በመራባት እንደሚረዳ አሳይቷል። ስለዚህ «ምንም አይጠቅማትም» የሚለውም ስሕተት ነው። ደግሞም የአንዷ ዝርያ ውጤት ለሌላዋ በቀጥታ አይሠራም።

የቅጠል በግን ኑዲብራንክ ብሎ መጥራትም ይቅር። ኑዲብራንኮች ሌላ የባሕር ቀንድ አውጣ ወገን ናቸው፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ የሚሰርቁትም ክሎሮፕላስት ሳይሆን የሚናደፉ ሕዋሳትን ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ፊቷ ነጭ፣ ዓይኖቿ የተቀራረቡ ሁለት ጥቁር ነጥቦች፣ «ጆሮዎቿ» ጫፋቸው የጠቆረ ከሆነ ኩሮሺማይ ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን በዚያው በ1993 የተመዘገበች፣ ስሟ በጃፓንኛ ጥንቸል ማለት የሆነ ኮስታሲዬላ ኡሳጊ አለች፤ ሌሎች የሚመሳሰሉ ዘመዶችም አሉ። ጆሮው በደንብ ካልታየ፣ ፎቶው ሥር «የኮስታሲዬላ ዝርያ» ብዬ ጽፌ እተወዋለሁ።